ቀጋው የሚገረዝበት ወር

ቀጋው ደብረ ታቦር የገባው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ከአንድ ኩንታል ድንች ጎን ታስሮ ነው። ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። ቅርንጫፎቹ እንዳይሰበሩ በገመድ ተጠፍረዋል፤ ከአንደኛው ላይ ደግሞ ቀይ ክር ተቋጥሯል። የባለቤቴ እናት ከጋቢና ሲወርዱ መጀመሪያ የፈለጉት ልጃቸውን አልነበረም።

"ያ ጆንያ በቀስታ ይውረድ" አሉት ረዳቱን።

ረዳቱ በአንድ እጁ ሊያነሳው ሲል እሾኹ ወጋውና ጮኸ። "እማሆይ፣ ምንድን ነው ያሸከሙን?"

"ቀጋ ነው። አንተስ ምን የሚሉት ነህ፣ እሾህ መሆኑን ሳታይ ትጨብጣለህ?"

እማሆይ የምንላቸው ባላቸው ከሞቱ በኋላ ስለመነኮሱ ነው። ቆብ ደፉ እንጂ ገዳም አልገቡም። ከጋሳይ በላይ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ የጉና ተረተር ላይ፣ ከደብሩ አጠገብ ባለች ጎጆአቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መሬታቸውን የወንድማቸው ልጅ ያርስላቸዋል። ባለቤቴ ወደኛ እንዲመጡ ሦስት ዓመት ለምናቸዋለች። አንደኛው ዓይናቸው በቀዶ ሕክምና ትንሽ ተመልሷል፤ ሌላው አልተመለሰም። ብርሃንና ቀለም ይለያሉ፣ ዝርዝሩን ግን አያዩም። በዚያ ግንቦት ጉልበታቸው በቅሎ ላይ መውጣት እንቢ ሲላቸው መጡ።

"ጉልበቴ ነው የመጣ፤ ልቤ ገና ከኋላ ነው" አሉ ቤት ሲገቡ።

እኔ በዚህ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ በዜና ዘጋቢነት ሠርቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ከተማ ነው። የቀጋን ፍሬ አውቀዋለሁ፤ ቀልቶ ሲበስል ልጅ ሆነን ከየአጥሩ እየለቀምን በልተናል። አበባው መቼ እንደሚወጣ ግን ጠይቄም አስተውዬም አላውቅም ነበር። ይህን ከወዲሁ የምጽፈው ኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

ተከላው ሰኔ ላይ፣ መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ ሆነ። እኔ ቆፈርሁ፤ እማሆይ ዱካ ላይ ተቀምጠው አዘዙ። ቦታውን ራሳቸው መረጡ፦ ከግቢው በር በስተቀኝ፣ የድንጋዩ አጥር ሥር። ቀጋ ውሃ የሚቆምበትን አይወድምና ጉድጓዱ ታች ጠጠር ተደረገበት። ከላዩ የቆየ ፍግና አመድ ተደባልቆ ገባ። ችግኙን ላቆመው ስል አስቆሙኝ።

"ቀዩ ክር ወዴት ነው?"

"ወደ በሩ።"

"አዙረው። ክሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሚያይ።"

ክሩን ያሰሩት ቀጋው ጉና ላይ ሳለ ወደ ምሥራቅ የነበረውን ጎን ለማወቅ ኖሯል። ተክል ሲዛወር ፊቱን ይዞ ካልቆመ ይደናገራል ይላሉ። ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ አዞርሁት።

አፈሩን ደልድዬ ስጨርስ እማሆይ ለልጃቸው ነገሯት። ባለቤቴ እናቷን አንቺ ነው የምትለው፤ እኔ አንቱ እላለሁ። በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ስሚ እንግዲህ። ይህ ቀጋ የናቴ ተክል ነው፤ ከእናቴ ቤት እኔ ቤት ስዛወርም እንዲሁ ተሸክሜው ሄጃለሁ። እዚያ በሦስተኛ ዓመቱ አበበልኝ፤ እኔም አገሬ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። እዚህም ይዞ ካበበ ደብረ ታቦር አገሬ ነው፤ ጎጆዬን ለሰው እሰጣለሁ። እንቢ ካለ ግን በእናትሽ አትለምኚኝ፣ እሄዳለሁ።"

"እማየ፣ በተክል ነው እንዴ የሚወሰነው?"

"ታዲያ በምን ይወሰን? በስብሰባ?"

ባለቤቴ ወደኔ አየች። እኔም ነገሩን እንደ ጨዋታ አልወሰድሁትም። እማሆይ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ብቻቸውን፣ በዚያ ዓይንና በዚያ ጉልበት፣ ውሃ ለመቅዳት ገደል ወደሚያስወርድ ቦታ ይመለሳሉ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ያ ቀጋ እንደ አንድ ሰው ታሰበ።

በመጀመሪያው ዓመት ከሞት ተርፏል፤ ከዚህ በላይ አልጠበቅንበትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ ማታ ማታ ጆንያ አልብሰነው አደርን። በበጋው የእቃ እጣቢ እየተጠራቀመ ጠዋት ጠዋት ሥሩ ይፈስለታል። የጎረቤት ፍየል አንድ ቀን ገብታ ጫፉን ቀነጠሰችው፤ እማሆይ በዱላቸው አባረሯት፤ ቀኑን ሙሉም የፍየሏን ባለቤት በስሟ ሳይጠሩ "እመ ፍየል" እያሉ ወቀሷት። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቁመቴን አክሏል። አበባ የለውም። "ገና ነው፣ ሥር እየሰደደ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ግን ቀጋው መጠን አጣ። ቀጋ ቀጥ ብሎ አያድግም። ረጅም ቀንበጥ ያወጣና ቀስት ሆኖ ይታጠፋል። ቀስቶቹ በበሩ ላይ አልፈው መንገዱን ያዙት። የኔን ኮት እጅጌ ቀደደ። እሑድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እመ ፍየል ደግሞ ነጠላዋን እሾኹ ያዘባት።

"አንተ ጋዜጠኛ!" ብላ ጮኸች ከውጭ። "ሰው ጉቦ የሚበላው በእጁ ነው፤ አንተ ግን በእሾህ ነው የምትበላ! ና ነጠላዬን አስለቅቀኝ!"

ሄጄ አስለቀቅሁ። የጥለቱ ክር ተመዝዞ ነበር። "ፍየሌ እኮ በልታ ብትጨርሰው ይሻል ነበር" አለች፣ እየሳቀች።

እማሆይ በዚያ ሰሞን አልነበሩም። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ጎጆአቸውን ለማየትና የፍልሰታን ጾም በደብራቸው ለመጾም ጉና ወጥተዋል። የወንድማቸው ልጅ በአልጋ አሸክሞ ነው ከጋሳይ ያወጣቸው። እስኪመለሱ ቀጋውን ላስተካክለው ወሰንሁ። ስለ ተክል የማውቀው ስላልነበረ እንደ ሥራዬ ልማድ ሁለት የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ከኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ከደቡብ የመጣ፣ የዕፅዋት ትምህርት የሚያስተምር ወጣት ነው። ለእረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ ሻንጣውን እየዘጋ ነበር።

"ጋሼ፣ ሕጉ ቀላል ነው" አለኝ። "በፀደይ የሚያብብ ቁጥቋጦ የሚገረዘው አበባው ባለፈ ማግሥት ነው። ሲዘገይ ጥፋት ነው። ምክንያቱም የሚመጣውን አበባ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ባደገው እንጨት ላይ ነው። ዘግይተህ ከቆረጥህ አበባውን ነው የምትቆርጠው።"

"ቀጋ በፀደይ ነው የሚያብበው?"

"በፀደይ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጋሼ! በፀደይ ነው አልሁ።"

ጻፍሁት። የቀረኝ ፀደይ መቼ እንደሚያልፍ ማወቅ ነበር። እኛ ሰፈር ያሉ አንድ መሪጌታ አሉ፤ የዘመን አቆጣጠር ጥያቄ ሲኖርብኝ ሁልጊዜ እሳቸውን ነው የምጠይቀው፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ደወልሁላቸው።

"የኔታ፣ ፀደይ የሚያልቀው መቼ ነው?"

"ሰኔ ሃያ አምስት። መጋቢት ሃያ ስድስት ይገባል፣ ሰኔ ሃያ አምስት ይወጣል። በሃያ ስድስት ክረምት ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ልጄ፣ እኔን ነው የምትጠራጠር ወይስ ባሕረ ሐሳብን?"

ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ምንጭ፣ ሁለቱም በመስካቸው የታመኑ ናቸው። ቀጋችን እስከዚያ ጊዜ አንድም አበባ አውጥቶ ስለማያውቅ ከራሱ የማየው ማስረጃ አልነበረም። ፀደይ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ቶሎ ይሻላል ተብሏል። በሰኔ ሃያ ስምንት ጓንት አድርጌ፣ መቀስ ይዤ ቆረጥሁት። ረጃጅሞቹን ቀስቶች በሙሉ አነሳሁ። ከነበረው ሲሶው ቀረ። ቁራጩን ወደ ጓሮ ወስጄ የደረቀው አጥር ላይ ደረደርሁት። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ብላ አየችና "የተላጨ ልጅ መሰለ" አለች። አምሮበት ነበር።

ክረምቱን ዝናቡ ጥሩ ዘነበ። እማሆይ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ሲመለሱ ቀጋው አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ግጥም ብሎ ጠበቃቸው። ባለቤቴ "ትንሽ አስተካክሎታል" አለቻቸው። በቅርብ ሆነው አረንጓዴውን አዩ።

"ለምለም ነው" አሉ። "የጉናውም እንዲህ ሆኖ አያውቅ።"

ደስ አላቸው። ያን ዕለት ማታ ለልጃቸው የነገሯትን እሷ ለኔ ነገረችኝ። የወንድማቸው ልጅ ጥር ላይ ያገባል። ጎጆዋን ከሰጡት አድሶ ሙሽራዋን እዚያ ያስገባል፤ ካልሰጡት ሌላ ቦታ ድንጋይ መፍለጥ መጀመር አለበት። እማሆይ ደግሞ "የጽጌ ጾም ሲወጣ፣ ኅዳር ስድስት መልስ እሰጥሃለሁ" ብለውታል። ለምን ያን ቀን እንደመረጡ አልጠየቅሁም። ለመነኩሲት ጾሙ ሲወጣ ጥሩ ቀጠሮ ነው ብዬ አለፍሁት።

መስከረም ገባ። እማሆይ ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ከደገሙ በኋላ ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። ቀጋው ፊት ይቆማሉ። ዓይናቸው ስለማያደርስ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያሸታሉ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ይመለሳሉ። ጽጌ ተጀመረ፣ መስከረም አለቀ። ጥቅምት ገባ፣ አሁንም ያሸታሉ።

ልቤ መጠራጠር የጀመረው ያኔ ነው። አበባው በዚህ ወር የሚጠበቅ ከሆነ እኔ የቆረጥሁት ምንድን ነው? ግን ዝም አልሁ። ያልተረጋገጠ ነገር አልናገርም የሚለው ልማዴ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አድኖኛል። በዚያ ሰሞን ግን ልማድ ሳይሆን መደበቂያ ነበር፤ ለማጣራትም አልቸኮልሁምና።

አንድ ምሽት ባለቤቴ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ክፍላችን ገባች።

"እማየ የቀጋውን ጆንያ አጥባ አሰጣች" አለችኝ። "ሚኒባሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳም ጠይቃኛለች።"

"ምን አሉሽ?"

"'ደርቆ ቢሆን ውሃ አነሰው እል ነበር፤ ለምልሞ፣ ጠግቦ እንቢ ካለ ግን ይህ መልስ ነው፤ አልፈለገኝም አገሩ' አለች። አንተ የምትለው ነገር የለህም?"

"እስኪ ትንሽ እንጠብቅ" አልሁ።

በሳምንቱ ስለ ድንች አዝመራ ዜና ለመሥራት ወደ ጋሳይ ወጣሁ። ከተማውን ለቅቀን ዳገቱን ስንይዝ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አጥር ነጭ ነው። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ አይደለም፤ ከአጥር አጥር ተያይዞ ነጭ ነው። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድሁ። ቀጋ ነበር። አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባ፣ መካከሉ ቢጫ። ሽታው ከመኪናው በር ላይ ተቀበለኝ።

ቀረብ ብዬ አበባው የት ላይ እንደተቀመጠ አየሁ። ባለፈው ዓመት ባደጉት ረጃጅም ቀስቶች ላይ፣ ከጎናቸው በሚወጡ አጫጭር ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ነው። ከአጥሩ አንዱ ክፍል መኪና እንዲያሳልፍ በቅርቡ ተቆርጦ ኖሯል፤ እዚያ ቅጠሉ እንደ ጎመን ለምልሟል፣ አበባ ግን የለም። የኛ በር ላይ ያለው ቀጋ ቁርጥ እሱን ይመስላል።

አንድ ሽማግሌ በሬዎች እየነዱ መጡና ቆሙ።

"ምን ጠፋህ ከእሾህ ውስጥ?"

"ምንም አልጠፋኝም አባቴ። ይህ መቼ ነው የሚያብበው?"

"እያየኸው?" አሉ። "ቀጋ በጥቢ ነው እንጂ መቼ ያብባል! ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል።"

"በፀደይ አይደለም?"

"ፀደይ ደግሞ ማነው?" አሉና በሬዎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

እዚያው ቆሜ ለመምህሩ ደወልሁ። ከእረፍቱ ተመልሶ ክፍል ሊገባ ነበር።

"ፀደይ ስትለኝ መቼ ማለትህ ነበር?"

"አሁን ነዋ ጋሼ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። አደይ የሚፈነዳበት። ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የተማርነው፤ እኔም እንዲሁ ነው የማስተምረው። ምነው?"

"የኔታ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው አሉኝ።"

"የሳቸው ትክክል ነው፤ የጥንቱ ቁጥር ነው። አሁን ያለንበትን እሳቸው መፀው ነው የሚሉት። ጋሼ... ቆረጥኸው እንዴ?"

"በሰኔ መጨረሻ።"

"ውይ!" አለ። "እንቡጡን ነው የቆረጥኸው።"

ሁለቱም ምንጮቼ አልተሳሳቱም። አንዱ ያለው ፀደይ የሌላው ፀደይ አልነበረም፤ ፊደሉ ብቻ አንድ ነው። ከሁለቱም አፍ የወሰድሁትን ያጋጠምሁ እኔ ነኝ። በሥራዬ ለወጣት ዘጋቢዎች ሳስተምር፣ ሰው በተናገረው ቃል ምን ማለቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ እላለሁ።

የድንቹን ሥራ ጨርሼ ስመለስ ነገሩን በመንገድ አሰብሁበት። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። እማሆይ የተቆረጠውን አላዩም፤ ባለቤቴም ምን ያህል እንዳጠፋሁ አልገባትም። በሌላ በኩል ግን እሳቸው ቀሪ ዘመናቸውን የሚወስኑት እኔ በሠራሁት ሐሰተኛ ምልክት ላይ ተመርኩዘው ነው። በኛ ሥራ የተሳሳተ ዜና ከወጣ ማረሚያው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ይነገራል። ይህኛው ማረሚያ አስቀድሞም ሳምንታት ዘግይቷል።

ስገባ እማሆይ የከሰዓቱን ፀሐይ ይዘው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ እንዝርታቸው ይሽከረከራል። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

"እማሆይ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።"

"ተናገር።"

"ቀጋው ያላበበው በኔ ጥፋት ነው። እርስዎ ጉና ሳሉ ቆረጥሁት። አስተካከልሁት ተብሎ የተነገረዎ ትንሽ አልነበረም። ቀስቶቹን ሁሉ ነው ያነሳሁት።"

እንዝርቱ ቆመ። "ገረዝኸው?"

"አዎ።"

"በተወለደ በስምንተኛው ቀን?"

ይስቁ ይቆጡ ከድምፃቸው ማወቅ አልቻልሁም። "በሰኔ መጨረሻ" አልሁ።

"አዬ! እንቡጥ ሲቋጥር። ማንን ጠይቀህ?"

"አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህርና አንድ መሪጌታ።" የፀደይን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እኔንስ?" አሉ ስጨርስ።

"እርስዎ ጉና ነበሩ።"

"ስልክ የለኝም? እሑድ እሑድ ስትደውል 'እማሆይ፣ ዝናቡ እንዴት ነው' ትለኝ የለም? ዝናብን ከኔ ትጠይቃለህ፣ ተክሌን ግን ከመሪጌታ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይህ ነው።"

መናቄ አልነበረም ማለት እችል ነበር፤ ግን ቀጋውን የሚያውቀው ሰው ቤቴ ውስጥ እየኖረ ሌላ ቦታ ነው የሄድሁት። ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

"ልክ ነዎት" አልሁ። "እኔ ልነግርዎ የፈለግሁት እንቢ ያለው ቀጋው እንዳልሆነ ነው። ምልክት አይደለም። የሚሄዱ ከሆነም በዚህ ምክንያት አይሂዱ።"

እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ይህን በምን አወቅህ? እግዚአብሔር በአንተ መቀስ አይናገርም ያለህ ማነው?"

ይህን የማጣራበት ምንጭ አልነበረኝም። "አላውቅም" አልሁ።

"እንዲህ በል እንጂ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "አንሣኝ። ውሰደኝና አሳየኝ።"

ይዣቸው ወደ ቀጋው ሄድን። እሾኹን እያገላበጥሁ አንድ አንድ የተቆረጠውን ጫፍ በጣታቸው አስነካኋቸው። በትዕግሥት ዳሰሱ። ቁጥራቸው አሥራ አንድ ሲደርስ "በቃኝ" አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደ አንደኛው ተመለሱ።

"አቆራረጡንም አታውቀውም። እንዲህ ጠፍጣፋ አድርገህ ስትተወው ውሃ ይተኛበታል፣ ይበሰብሳል። ሰያፍ ነው የሚቆረጥ፣ ውሃው እንዲወርድ። ማን አስተማረህ?"

"ማንም።"

"ይታያል" አሉ፣ ዝርዝር በማያይ ዓይናቸው።

ያን ማታ ባለቤቴ ሁሉንም ሰማች። እኔን ለሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም። እማሆይ ግን ስለመሄድም ስለመቆየትም አንድ ቃል አልተናገሩም። ጆንያው ታጥፎ ከአልጋቸው ራስጌ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ መሄዳቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን አያሸቱም። በዱላቸው ጫፍ ሥሩን ይነካካሉ፣ አንዳንዴም "ይህን አረም ንቀል" ይሉኛል። እነቅላለሁ። ባለቤቴ ከመስኮት ታያለች። ሦስታችንም ኅዳር ስድስትን እየጠበቅን ነበር፤ ማናችንም ቀኑን ጠርተን አናውቅም።

በቀኑ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቁርስ ቀመሱና ስልክ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ። ጉና ላይ ስልክ በደንብ የሚይዘው ዳገት ላይ ሲወጣ ነው። የወንድማቸው ልጅ ቀጠሮውን ስለሚያውቅ እዚያው ሆኖ ይጠብቅ ኖሯል፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ፊታቸው ያዝሁላቸው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

ሰላምታው ረዘመ። የከብቱ፣ የገብሱ፣ የደብሩ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ተጠየቀ። በመጨረሻ ልጁ ፈራ ተባ እያለ አነሣው።

"እንግዲህ እትየ... ያ ነገር እንዴት ሆነ? አበበ?"

"አላበበም።"

"እንግዲያው ይመጣሉ ማለት ነው። ግድ የለም፣ እኔ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ አይቻለሁ..."

"ቆይ፣ ሳልጨርስ ድንጋይ አትፍለጥ" አሉት። "አላበበም፤ ቆረጡብኝ። በሰኔ፣ እንቡጥ ሲቋጥር። የልጄ ባል ነው።"

"ውይ! ሆን ብሎ?"

"የለም፣ ተምሮ።"

ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። ባለቤቴም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ስማኝ" አሉ እማሆይ፣ አሁን ድምፃቸው ዝግ ብሎ። "ዓይኔ እንደማያይ ያውቃል። ዝም ቢል እስክሞት አላውቀውም ነበር፤ ለምልሞ ይታየኛላ። መጥቶ ከጎኔ ተቀምጦ ነገረኝ። እኔ እዚያ ጎጆ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የማላየውን ማን ይነግረኛል? አንተ ሙሽራህን ይዘህ ትገባለህ። ቤቱ ያንተ ነው፤ ክዳኑን ቀይር፣ በስተምሥራቅ ያፈስሳል።"

ልጁ ከወዲያኛው ጫፍ ይመርቅ ጀመር፤ ከዳገቱ ላይ ንፋሱ ግማሹን ወሰደው። እማሆይ ምርቃቱን አሜን እያሉ ተቀበሉ፤ ለሠርጉ እንደሚመጡ፣ በቅሎ ሳይሆን አልጋ እንዲልክላቸው፣ ተሸካሚዎቹም ያለፈው ጊዜ እንደነበሩት ተጫዋቾች እንዳይሆኑ ነገሩት። ስልኩ ተዘጋ።

ባለቤቴ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እናቷ ራሷን ዳሰሷት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ደግሞ፣ ጥር ላይ ለሠርጉ ስሄድ ያን ቀጋ እንዳትነካ። ቅጠሉ ቢረግፍ፣ መንገዱን ቢዘጋ፣ የእመ ፍየልን ነጠላ ከነቀሚሷ ቢገፍፍ አትንካው። ሰው ቢመክርህም አትስማ።"

"አልነካም።"

"መጽሐፍ ቢያዝህም።"

"አልነካም እማሆይ።"

ጥር ላይ ሄደው አሥራ ሁለት ቀን ቆዩ። አልነካሁትም።